ከአህጉር ወደ አህጉር በሃያ ደቂቃ

ስለ ኢስታንቡል አገራችን ውስጥ የሚወራው ሁለት ነገር ነው። ልብስና ጫማ ሊያመጣ የሚመላለሰው የመርካቶ ነጋዴ የላሌሊ ሰፈርን ሱቆች ያወራል፤ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የሚሻገረው ደግሞ አውሮፕላን የሚቀይርበትን ያን ግዙፍ አየር ማረፊያ። እኔም ስሄድ ከዚህ ያለፈ አልጠበቅሁም። ከተመለስኩ ወዲህ ግን ያገኘሁትን ሰው ሁሉ አስቁሜ የማወራው ስለ አንዲት መርከብ ነው! ኤሚኖኑ ከሚባለው የወደብ ሰፈር ተነስታ ካዲኮይ ስለምታደርሰው፣ ነጭ ቀለም ስለተቀባችው፣ የኢስታንቡል ሰው ቫፑር ስለሚላት የከተማ መርከብ። በዓለም ላይ ከዚህ የሚበልጥ የከተማ ጉዞ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ፤ እኔ አላየሁም፣ ይኖራል ብዬም አላምንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢስታንቡል ከ15 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ናት፤ መሐሏን ደግሞ ባሕር ይሰነጥቃታል። ቦስፎረስ ይባላል፤ ከጥቁር ባሕር ወደ ማርማራ ባሕር የሚወርድ፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የባሕር ሰርጥ ነው። በጣም በሚጠብበት ቦታ ስፋቱ 700 ሜትር ገደማ ነው። በስተምዕራብ ያለው ዳርቻ አውሮፓ፣ በስተምሥራቅ ያለው እስያ። ስለዚህ እዚያች ከተማ ውስጥ እስያ አድሮ አውሮፓ ሥራ የሚገባ፣ ማታ ደግሞ ዳቦውን በፌስታል አንጠልጥሎ ወደ እስያ የሚመለስ ሕዝብ አለ። በየቀኑ! ድልድይ አጥተውም አይደለም። የመጀመሪያው ተንጠልጣይ ድልድይ በ1973 ተከፍቷል (ዘመናቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)፤ ሁለት ሌሎች ተከትለውታል፤ ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ከባሕሩ ወለል ሥር ባቡር በጥቂት ደቂቃ ያሻግራል። ሰዉ ግን መርከቡን አልተወም። የቦስፎረስን መንደሮች በእንፋሎት መርከብ የሚያገናኝ ኩባንያ በ1851 ከተቋቋመ ጀምሮ የልጅ ልጅ የልጅ ልጅ እየተተካ ይኸው እስከ ዛሬ ይሳፈራሉ። ፈጣን ባቡር እያለ መርከብ የሚመርጡት ለምን እንደሆነ ለመረዳት አንድ ጊዜ መሳፈር ይበቃል።

ትኬታችን ካርድ ናት። አውቶቡስም ባቡርም በሚከፈልበት በዚያው ካርድ መግቢያውን ማለፍ ነው፤ ሌላ ጣጣ የለም። መጠበቂያው አዳራሽ ውስጥ ተማሪው፣ ኮምፒዩተሩን ያነገተው የቢሮ ሠራተኛ፣ ብስክሌት የሚገፋው ጎረምሳ፣ ጎመንና ሎሚ የተሸከመችው እናት አንድ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። መርከቧ ስትጠጋ ሠራተኛው የክንድ ውፍረት ያለውን ገመድ ይወረውራል፤ ምድር ላይ ያለው ባልደረባው ቀልቦ በብረቱ ምሰሶ ላይ ይጠመጥመዋል። ገመዱ ሲወጠር ሲጥ ሲጥ ይላል። የመርከቧ ጎን ከወደቡ ዳር ጋር ይጋፋል፣ ነጭ አረፋ ከሥር ይገነፍላል፣ መሸጋገሪያው ሳይዘረጋ የቸኮሉት ዘለው ይወርዳሉ። ከዚያ የእኛ ተራ ይሆናል። ነባሮቹ ወዴት እንደሚሄዱ ዓይናችሁን ጣሉባቸው። ውስጥ ያለውን የተደላደለ ወንበር ትተው በቀጥታ ወደ ውጭ፣ በመርከቧ ጎንና ጎን ወደተደረደሩት አግዳሚዎች ነው የሚሮጡት። እዚያ ተቀምጠው እግራቸውን ዘርጋ ያደርጋሉ፤ ከጫማቸው ጫፍ ወዲያ ያለው ባሕር ብቻ ነው።

ሞተሩ ማጉረምረም ሲጀምር ሻይ ሻጩ ትሪውን ይዞ ብቅ ይላል። ሻዩ ቀይ ነው፤ ወገቡ ሰርጎ በገባ ትንሽ ብርጭቆ፣ ከትንሽ ሰሃንና ከሁለት ድፍን ስኳር ጋር ይቀርባል። ብርጭቆውን ከአፉ በኩል በሁለት ጣት ይይዙታል፤ መሐሉ ያቃጥላል። ማዕበሉ መርከቧን ወዲያና ወዲህ ሲያላጋት ሰውየው ከትሪው ጋር አብሮ ይወዛወዛል እንጂ አንዲት ጠብታ አትፈስም። ምን ዓይነት እጅ ነው! ያን ሻይ ከዚያ በኋላ በየምግብ ቤቱ ጠጥቼዋለሁ። ባሕሩ ላይ የጠጣሁትን ያህል የጣመኝ አንድም የለም።

አሁን ቀና በሉ። መርከቧ ፊቷን ወደ ሰፊው ባሕር ስታዞር አሮጌው ከተማ በስተቀኝ እንዳለ ይዘረጋል፤ አንዱም ሳይቀር! የሱለይማኒዬ መስጊድ ጉልላት ከኮረብታው አናት፣ ቀጥሎ አያ ሶፊያ፣ ቀጥሎ ስድስት ሚናራ ያለው የሱልጣን አሕመድ መስጊድ፣ ከጥድ ዛፎቹ መሐል ደግሞ የኦቶማን ሱልጣኖች ለአራት መቶ ዓመት ገደማ የኖሩበት የቶፕካፒ ቤተ መንግሥት። በግራ በኩል ጄኖዋዎች በ1348 ያቆሙት የጋላታ ግንብ አለ። የሺህ አምስት መቶ ዓመት ታሪክ በአንድ እይታ! ሰው ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ ይጠፋዋል። አጠገቤ የነበሩት ግን ይህን በየቀኑ የሚያዩ ሰዎች ናቸው፤ እንዲያም ሆኖ አይተነዋል አይሉም። ጋዜጣውን ያጠፈው አዛውንት ልክ የአሮጌው ከተማ ጫፍ ጋ ስንደርስ ቀና ብሎ አየ፣ ረጅም ጊዜ አየ፣ ከዚያ ወደ ንባቡ ተመለሰ። በሕይወቱ ስንት ሺህ ጊዜ አይቶት ይሆን?

መሐሉ ላይ ስትደርሱ ነፋሱ ይለወጣል። ስንዴና ነዳጅ የጫኑ፣ የአንድ ሰፈር ያህል ርዝመት ያላቸው የጭነት መርከቦች በከተማዋ እምብርት ላይ ያልፋሉ፤ ከጥቁር ባሕር ወደ ሌሎች ባሕሮች መውጫው በር ይኸው ሰርጥ ነውና። የእኛ ቫፑር በመሐላቸው ሾልካ ታልፋለች። ከሥራችን ያለው ውሃ ራሱ ተአምር ነው። ላይኛው ውሃ ከጥቁር ባሕር ወደ ደቡብ ይፈስሳል፤ ከሥሩ ያለው ጨው የበዛበት ከባድ ውሃ ደግሞ በተቃራኒው ወደ ሰሜን ይሄዳል። ዓሣ አጥማጆቹ ይህን ያውቁት ነበር፤ ማርሲሊ የሚባል ወጣት ኢጣሊያዊ ለክቶና ፈትኖ በ1681 አሳተመው። በአንድ አልጋ ሁለት ወንዝ፣ አንዱ ሲወርድ አንዱ ሲወጣ! ይህን ካወቅሁ በኋላ ውሃውን የማየው በሌላ ዓይን ሆነ።

የባሕር ወፎቹን ሳልናገር አላልፍም። መርከቧን ከወደብ እስከ ወደብ ይከተሏታል፤ ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ ነፋሱ ላይ ተኝተው፣ ልክ በእኛ ዓይን ቁመት። አጠገቤ የተቀመጡ ሻርፕ የለበሱ እናት ሲሚታቸውን (ሰሊጥ የተነሰነሰበት ክብ ቀለበት ዳቦ ነው፣ በየመንገዱ ይሸጣል) ለሁለት ቆረሱና ግማሹን ሰጡኝ። ቋንቋ አንግባባም። ልጎርስ ስል ክንዴን ያዝ አደረጉና ወደ ላይ አመለከቱኝ። ቆርሼ ወረወርኩ፤ አንዱ ወፍ ከአየር ላይ ቀለበ። እሳቸው ከእኔ በላይ ተደሰቱ! ካዲኮይ ስንደርስ እጄን ጨበጥ አድርገው፣ ደረቴን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው ወረዱ። በአንድ ከተማ ፍቅር ለመውደቅ ከዚህ የበለጠ ምን ያስፈልጋል?

ግን ልቤን ጨርሶ የወሰደው ከመርከቧ ስወርድ የቆምኩበት ምድር ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲመላለስ ያደገ ኢትዮጵያዊ ቁስጥንጥንያን፣ የዛሬዋን ኢስታንቡልን፣ ከልጅነቱ ያውቃታል። 150ዎቹ ሊቃውንት በ381 ለጉባኤ የተሰበሰቡባት ናት። ዮሐንስ አፈወርቅ ሊቀ ጳጳስ የነበረባት ናት። መስቀል በመጣ ቁጥር የእናቱ የንግሥት እሌኒ ስም ከስሙ ጋር የሚነሳው ቆስጠንጢኖስ በ330 መርቆ መናገሻው ያደረጋት ናት። ኬልቄዶንንም ያውቃታል፤ የ451ዱ ጉባኤ የተቀመጠባት፣ አባቶቻችን ያልተቀበሉት፣ ቤተ ክርስቲያናችን ከግብፅ፣ ከሶርያና ከአርመን ጋር በአንድ ወገን የቆመችበት። እነዚህ ስሞች በብራና ላይ፣ በሊቃውንት አንደበት የሚኖሩ ስሞች ነበሩ። እና ካዲኮይ ኬልቄዶን ናት! ያ ሁሉ ክርክር፣ ያ ሁሉ ውግዘት፣ እስከ ዛሬ ድረስ የዓለምን ክርስቲያን ለሁለት የከፈለው ነገር የተፈጸመው ሻይ እየጠጣሁ፣ ወፍ እያበላሁ በተሻገርኩት ባሕር ማዶ ነው። ከቁስጥንጥንያ ኬልቄዶን ሃያ ደቂቃ!

ጉባኤው የተካሄደበት የቅድስት ኤፌሚያ ቤተ ክርስቲያን የለም። በስሟ የተሠራች ኋለኛ የግሪኮች ቤተ ክርስቲያን ግን ካዲኮይ ገበያ መሐል፣ ዓሣ ሻጮቹ ከሚጮኹበት ቅርብ፣ አለች። ከእሷ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ደግሞ ምን ብታገኙ ጥሩ ነው? ሱርፕ ታካቮር፣ የአርመኖች ቤተ ክርስቲያን! የኬልቄዶንን ጉባኤ ከተቀበሉትና ካልተቀበሉት ወገኖች ሁለቱ፣ በዚያው በኬልቄዶን፣ በአንድ ገበያ ውስጥ ተጎራብተው ይቀድሳሉ። ሁለት ሦስት መንገድ ተሻግሮ በ1612 የተሠራው የዑስማን አጋ መስጊድ አለ። በሦስቱ መሐል የወይራ ፍሬ፣ አይብ፣ የበለስ ክምር፣ በየማሰሮው የኮመጠጠ ቃሪያና ኪያር፣ በበረዶ ላይ የሚያብለጨልጭ ዓሣ። የአርመኖቹ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሜ ጧፍ ያበራሁት ምን ብዬ እንደሆነ እኔው አውቃለሁ።

የጥንት ሰዎች በዚህች ከተማ ላይ ያወጡባት ተረብም አለ። ከግሪክ አገር የመጡ ሰፋሪዎች ኬልቄዶንን ከቁስጥንጥንያ ቀድመው ከተሟት። ሄሮዶቱስ እንደጻፈው አንድ የፋርስ የጦር አለቃ ይህን ሲሰማ፣ ከማዶ ያለውን ያን የመሰለ ቦታ ሳያዩ እዚህ የሰፈሩት ዕውሮች መሆን አለባቸው አለ። እኔ አልስማማም። ከካዲኮይ ሆኖ ማዶውን ማየት የሚቻለው ካዲኮይ ሲሰፈር ነው!

ድመቶቹስ? ኢስታንቡል የሁሉም ናት፤ የድመቶቹ ግን ይበልጣል። ሱቅ ፊት ለፊት የውሃ ሳህን፣ በየጥጉ የድመት ምግብ፣ ለብርድ ወራት የተሠሩላቸው ትንንሽ የእንጨት ቤቶች። ባለቤት የላቸውም፤ ሰፈሩ በሙሉ ባለቤታቸው ነው። ወንበር ላይ ድመት ከተኛች ደንበኛው ሌላ ወንበር ይፈልጋል እንጂ እሷን አያስነሳም። ካዲኮይ ውስጥ ቶምቢሊ የምትባል ወፍራም ድመት ነበረች፤ እንደ ሽማግሌ አንድ ክንዷን የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ደገፍ አድርጋ አላፊ አግዳሚውን ትመለከት ነበር። ስትሞት የሰፈሩ ሰው ጠየቀ፤ በ2016 በዚያው ቦታ፣ በዚያው አቀማመጧ ሐውልት ቆመላት። ለጄኔራልና ለንጉሥ ሐውልት የሚያቆም ከተማ ብዙ ነው። መንገድ ላይ ለምትተኛ ድመት ሐውልት የሚያቆም ሕዝብ ግን ወዳጅ ሊያደርጉት የሚገባ ሕዝብ ነው።

ወደ አውሮፓው ዳርቻ ስትመለሱ ከኤሚኖኑ ወደብ ጀርባ ገባ በሉ። ታህታካሌ ይባላል፤ ጠባብ መንገድ፣ ተሸካሚ፣ ቅመም፣ ግፊያ። አንድ ቦታ ላይ ሽታው ያቆማችኋል፤ የተቆላ ቡና! ከ1871 ጀምሮ ቡና ቆልቶ ፈጭቶ የሚሸጥ ቤት አለ፤ ሰልፉ ጥጉን ይዞራል፣ ሻጮቹ ዓይን በማይከተለው ፍጥነት ትኩሱን ዱቄት በወረቀት ይጠቀልላሉ። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ሰፈር ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። ቡና ከአገራችን ወደ የመን፣ ከየመን ወደዚህ ደረሰ። ወደ ቤተ መንግሥቱ ያስገባው የየመኑ ገዥ ኦዝደሚር ፓሻ ነው ይባላል፤ በ1557 ምጽዋን የያዘው ያው ኦዝደሚር! በ1550ዎቹ ደግሞ አንዱ ከአሌፖ፣ አንዱ ከደማስቆ የመጡ ሁለት ሰዎች የከተማዋን የመጀመሪያ ቡና ቤቶች በዚሁ በታህታካሌ ከፈቱ። ሰዉ ሥራ ፈታ፣ ወሬ በዛ፣ መንግሥት ታማ። ሱልጣን ሙራድ አራተኛ በ1633 ዘጋቸው። ሱልጣኑ አለፈ፣ ቡናው ቀረ። በትንሽ የመዳብ ዕቃ ተፈልቶ፣ ከነአተላው፣ ከአንድ ብርጭቆ ውሃ ጋር ሲቀርብልኝ አገሬ ከእኔ በፊት እዚህ ደርሳ፣ አራት መቶ ሰባ ዓመት ገደማ ኖራ፣ ቤተኛ ሆና አገኘኋት።

አያ ሶፊያን ለመግለጽ አልሞክርም ብዬ ነበር፤ አልቻልኩም። ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ በ532 አስጀምሮ በ537 አስመረቃት። ስድስት ዓመት ያልሞላ ጊዜ! ጉልላቷ ከወለሉ 55 ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ሥሩን 40 መስኮቶች ይከቡታል፤ ብርሃኑ በእነዚያ መስኮቶች ሲገባ ጉልላቱ ግድግዳ ላይ ያረፈ አይመስልም። ቤተ ክርስቲያን ሆና ወደ ዘጠኝ መቶ ዓመት ቆየች፤ ከ1453 በኋላ መስጊድ፣ በ1930ዎቹ ሙዚየም፣ በ2020 እንደገና መስጊድ። ጎብኚ የሚወጣው ወደ ላይኛው ሰገነት ነው። እዚያ ሆኜ ያየሁት ጌታችን በመሐል፣ እመቤታችንና መጥምቁ ዮሐንስ በግራና በቀኝ የሚለምኑበት የሞዛይክ ሥዕል ከወገብ በታች ረግፏል፤ የቀረው ፊት ግን! ከጠጠር ተለቅሞ የተሠራ ዓይን እንዴት እንዲህ ያዝናል? ጠጋ ብዬ ሳየው ጉንጩ ላይ ያሉት ጠጠሮች ቀለም ቀስ በቀስ ይለወጣል፤ ሐምራዊ፣ አረንጓዴ፣ ወርቅ። ራቅ ስል ሥጋ ይሆናል። ከዚያ ሰገነት ሰው ገፍቶኝ ነው የወረድኩት።

ይህች ሕንፃ በዚያ ቦታ ላይ ሦስተኛ ናት። የመጀመሪያዋ፣ ዮሐንስ አፈወርቅ ያስተምርባት የነበረችው፣ ንግሥት አውዶክስያን ገሥጾ በተሰደደ ጊዜ በ404 በተነሳው ሁከት ተቃጠለች። ቀጥላ የተሠራችውም በ532 ነደደች። ከሁለተኛይቱ የተረፉ፣ በጎች በረድፍ የተቀረጹባቸው እብነ በረዶች ተቆፍረው ወጥተዋል። በእኛ ቅዳሴ ስሙ በሚጠራው አባት መንበር አጠገብ መቆም ምን እንደሚያደርግ የሚያውቀው የቆመ ነው።

ፊት ለፊቷ ከመሬት በታች ያለውን የውሃ ማጠራቀሚያ ማንም ስለሚያውቀው አላስረዝምም፤ 336 ምሰሶዎች በጨለማና በውሃ መሐል ቆመዋል፣ ግቡና እዩ። የከተማው ሰው ረስቶት፣ በየቤቱ ወለል ቀዳዳ ባልዲ እያወረደ ውሃ ይቀዳበት፣ ዓሣም ያጠምድበት እንደነበር አንድ ፈረንሳዊ ሊቅ በ1540ዎቹ ደርሶበታል። ከሥራህ ቤተ መንግሥት የሚያህል አዳራሽ እያለ ባልዲህን ብቻ ማውረድ!

ሱለይማኒዬ ላይ ግን ቆዩ። ሲናን የሚባለው ታላቁ አናጢና መሐንዲስ ከ1550 እስከ 1557 ሠራው። ከክርስቲያን ቤተሰብ ተወልዶ ለሱልጣኑ ሠራዊት የተወሰደ ልጅ ነበር፤ ኋላ ለሃምሳ ዓመት ገደማ የመንግሥቱ ዋና መሐንዲስ ሆነ። እኔን ያስደነቀኝ የጉልላቱ ግዝፈት ብቻ አይደለም። በሺህ የሚቆጠረው የዘይት መብራት ጭሱ ግድግዳውን እንዳያጠቁር ሲናን የአየሩን አነፋፈስ አስልቶ ጥቀርሻው ሁሉ ወደ አንዲት ክፍል እንዲሳብ አደረገ፤ ከተሰበሰበው ጥቀርሻም ቀለም ተሠራበት፣ ተጻፈበት! ከጥቀርሻ ቀለም አንጥሮ ብራና የጻፈ አገር ልጅ ይህን ሲሰማ ዝም ሊል አይችልም። የጎንደርና የጣና ደሴቶች ጸሐፊዎች ይህን ቢያዩ ከሲናን ጋር ስንት ባወሩ ነበር። እሱ ራሱ ከግቢው ጥግ በትንሽ መቃብር ተኝቷል፤ ለሱልጣኑ ያን ሁሉ ሠርቶ ለራሱ የተወው ያቺን ነው።

አሁን ማንም ወዳልነገረኝ ነገር ልምጣ። ከጉልሃኔ መናፈሻ አቅራቢያ፣ ትራሙ በሚያልፍበት አካባቢ፣ ጎብኚ ዞር ብሎ የማያየው አንድ ትንሽ መስጊድ አለ፤ ከጥጉ ላይ ለአላፊ አግዳሚ ውሃ በነጻ ይታደልበት የነበረ፣ በብረት ፍርግርግ ያጌጠ ውብ የእብነ በረድ መስኮት ተያይዞበታል። ሐጂ በሺር አጋ በ1745 ገደማ ያሠራው ነው። በሺር አጋ ሐበሻ ነው! ከምድራችን በልጅነቱ በባርነት ተወስዶ፣ ተሰልቦ፣ ተሸጦ፣ ባሕር ተሻግሮ እዚህ ደረሰ። ከ1717 እስከ ሞተበት እስከ 1746 ድረስ የሱልጣኑ የውስጥ ቤተ መንግሥት ጃንደረቦች አለቃ ነበር፤ ቪዚሮችን የሚሾምና የሚሽር፣ በግዛቱ ሁሉ የሚፈራ ሰው። መስጊድ ሠራ፣ ትምህርት ቤት ሠራ፣ ቤተ መጻሕፍት አቋቋመ፤ የሰበሰባቸው መጻሕፍት ዛሬ በሱለይማኒዬ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀው ይገኛሉ። ከእሱ በፊትም በ16ኛው መቶ ዓመት ያን ሥልጣን የያዘ ሐበሺ መሐመድ አጋ የሚባል ነበር። ያን የውሃ መስኮት በእጄ ዳሰስኩት። የተቀረጹት አበቦች ጠርዛቸው በሰው እጅ ብዛት ለስልሷል፤ ብረቱ ቀዝቃዛ ነው። እናቱን ዳግም ያላየ ልጅ፣ ለማያውቀው መንገደኛ የሚጠጣ ውሃ አዘጋጅቶ አለፈ። ኢስታንቡል የሄዳችሁ የአገሬ ልጆች፣ እባካችሁ ያቺን ቦታ ሳታዩ አትመለሱ። እኛ ካላየነው ማን ያየዋል?

ከተማዋ አድካሚ አይደለችም አልልም። ኮረብታዎቿ ጉልበት ይጨርሳሉ፣ ትራሙ ይጨናነቃል፣ አያ ሶፊያ አካባቢ ያለው ምግብ ቤት ሁሉ ከዋጋው ያነሰ ምግብ ያቀርባል። ይህ ሁሉ ወደብ ዳር ሲደርሱና ያ ነፋስ ፊትን ሲመታ ይረሳል።

እናም ናፍቆት ያዘኝ። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ባሕር በሌለበት፣ ባሕር ይናፍቀኛል። ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ በዚያች ሰዓት ካዲኮይ ወደብ ላይ ገመዱ እየተወረወረ መሆኑን አስባለሁ። ሳላየው የቀረሁት ብዙ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የነበረችውን ጥንታዊቷን ኮራ ከነሞዛይኳ፣ በቦስፎረስ ሽቅብ ጥቁር ባሕር አፍ ድረስ የሚያደርሰውን ረጅሙን መርከብ፣ በኤዩፕ ከነቢዩ ባልደረባ መቃብር አጠገብ ያረፈውን የበሺር አጋን መቃብር። በረዶ ጉልላቶቹ ላይ ሲወርድ ማየት እፈልጋለሁ። በመጸው፣ ዓሣው ከጥቁር ባሕር ወደ ደቡብ በሚሰደድበት ወራት፣ በጋላታ ድልድይ ላይ ትከሻ ለትከሻ ከሚቆሙት ዓሣ አጥማጆች ጋር ቆሜ ባልዲያቸው ሲሞላ ማየት እፈልጋለሁ። ከሁሉም በላይ ግን ያችን የሃያ ደቂቃ መንገድ ደግሜ ደጋግሜ መመላለስ፣ አንድ ቀን ሙሉ ምንም ሳልሠራ፣ ከአውሮፓ እስያ፣ ከእስያ አውሮፓ!

ከአሜሪካና ከአውሮፓ ወደ አገር ቤት ስትመጡ በኢስታንቡል የምታልፉ ወገኖቼ ሆይ፣ አየር ማረፊያው ወንበር ላይ ተኝታችሁ አትለፉ። ቪዛ የሚያስፈልጋችሁ አስቀድማችሁ ጨርሱ፣ በሁለቱ በረራዎች መሐል አንድ ሙሉ ቀን ይኑራችሁ፣ ሻንጣችሁን አስቀምጡና ወደ ከተማ ውረዱ። ጊዜ ካነሳችሁ ሙዚየሙ ይቅር፣ ገበያው ይቅር፣ ፎቶውም ይቅር። ኤሚኖኑ ወደብ ላይ ካዲኮይ የሚለውን ጽሑፍ ፈልጉ፣ ውጭ ተቀመጡ፣ ሻይ እዘዙ። ስትሄዱ ቀኝ ጎኗን፣ ስትመለሱ ግራ ጎኗን ያዙ፤ አሮጌው ከተማ የሚታየው በዚያ በኩል ነው።